ጥቁር በፍረይጅ ፊት

ዋድሓ ቂም ስትይዝ እንደ ሌላው ሰው ፊቷን አታጠቁርም፤ ትስቃለች። በሒስማ በረሃ የሚኖሩ ዘመዶቿ ጠባይዋን ስለሚያውቁ ስትቆጣ ማንም አይፈራትም፤ ስትስቅ ነው ሰው ሁሉ ጫማውን የሚፈልገው። አንድ ጊዜ የባሏ እህት የወተት መናጫ አቁማዳዋን ተውሳ ቀድዳ መለሰችላት። ዋድሓም "ምን አለበት እህቴ፣ ዕቃ ነው" ብላ ሳቀች። ዓመታት አለፉ። የዚያች ሴት ልጅ ስትዳር ዋድሓ ያንኑ ቀዳዳ አቁማዳ በሐር ጨርቅ ጠቅልላ፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ "ከእናትሽ ያገኘሁት ነው" ብላ ለሙሽራዋ አበረከተች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሷ ደግሞ የወጋውም እንዲረሳ የምትፈቅድ ሴት አልነበረችም።

የተወለደችው ከቀይ ዓለቶቹ በአንዱ ጥላ ሥር፣ በፍየል ጠጉር ድንኳን ውስጥ ነው። ለአጎቷ ልጅ ለሁለይል ተዳረች፤ በግመል ወተትና በጭቅጭቅ ደኅና አድርገው ኖሩ። የሁለይል እግር በስኳር በሽታ ሲደክም የጭነት ቶዮታቸውን መሪ እሷ ጨበጠች። መንጃ ፈቃድ የላትም፤ "በረሃ ውስጥ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ ፍየል የለም" ትላለች። ሁለይል ሲሞት አንዲት ሴት ልጅ፣ ጥቂት ግመሎችና አንዲት ኩሬ ትቶላት ሄደ። ልጅቱ ሙዝና ትባላለች፤ የሁለይል ታናሽ ወንድም የፍረይጅ ልጅ ሽተዊ አግብቷታል።

ኩሬዋን የሠሯት የሁለይል አያቶች ናቸው፣ ዓለቱን በብረት ፈልፍለው። በሁለት ገደሎች መካከል፣ ፀሐይ በማያገኛት ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጣ የዝናቡን ውሃ ትይዛለች፤ የሌላው ሰው ጉድጓድ ሲደርቅ እሷ አትደርቅም። ከሜዳው ሆኖ የሚያያት የለም፣ መንገዷንም የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ሁለይል ሊሞት ሲል ስለ ግመሎቹ አልተናገረም፣ ስለ ልጁም አልተናገረም። "ውሃዋን" አለ፣ በቃ። ዋድሓ ይህን ቃል ከኑዛዜ ሁሉ በላይ ይዛዋለች።

ፍረይጅ ፍየል ነጋዴ ነበር። የውጭ ሰዎች መጥተው አገሩን እንዲያዩ ሲፈቀድ ግን ፍየሎቹን ሸጠና ፎቶ አንሺ ማመላለስ ጀመረ። ማታ ማታ መጥቶ ስለ እንግዶቹ ሲያወራ ዋድሓ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር፤ ያኔ ሳቋ የደግ ነበር።

"ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ብቻ ይሠራሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ" ይላታል። "አሸዋው ላይ የሰው ዱካ ካዩ ሊያለቅሱ ይደርሳሉ። ሰው የማይኖርበት አገር እንዲመስል ነው የሚፈልጉት።"

"እኛስ?"

"እኛ ከግመል ጋር ስንሆን እንፈለጋለን።"

አንድ ቀን ማርተን የሚባል፣ ሲቀመጥ እንኳ ከሰው የሚረዝም ፎቶ አንሺ ይዞ ድንኳኗ ድረስ መጣ። ሹፌሩ ነዛልም አብሯቸው ነበር።

"ዋድሓ፣ ይሄ ሰውዬ ትልቅ ፎቶ አንሺ ነው።"

"ቁመቱን አይቼዋለሁ።"

"ዓለቱ ውሃው ላይ ሲታይ ማንሳት ይፈልጋል። ኩሬዋን አንድ ጊዜ ብቻ እናሳየው።"

"ኩሬ አይቶ አያውቅም? አገሩ ውሃ ላይ ነው የተቀመጠው ስትለኝ አልነበር?"

"በዚህ ዓይነት በረሃ አላየማ! ተይ እንጂ ዋድሓ፣ እንግዳ ነው።"

"ቦታውን ቢያወራስ?"

ፍረይጅ ጢሙን ጠራረገና መዳፉን ፊቱ ላይ አሳረፈ። "በፊቴ ነው" አለ። "ቦታውን ለማንም አይናገርም። ቢናገር ከኔ ፈልጊ።"

እዚያ አገር ሰው "በፊቴ ነው" ካለ ፊቱን አስይዟል ማለት ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይቀደዳል፤ ፊት አይቀደድም። ዋድሓ ነዛልን "ሰምተሃል?" አለችው፤ "ሰምቻለሁ" አለ። ተነስታ መንገዱን መራቻቸው።

ማርተን ኩሬዋ ዳር በሆዱ ተኝቶ ብርሃኑ እስኪመጣለት ጠበቀ። ብርሃኑ ዓለቱን ነክቶ ውሃው ሲቀላ አነሳ፣ አነሳ፣ በመጨረሻም ካሜራውን ዘቅዝቆ አሳያት። ዋድሓ ዕድሜዋን ሙሉ በበርሜል ስትቀዳ የኖረችውን ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች መሰላት። "ሁለይል ይህን ቢያይ!" አለች። ለሰውየው የግመል ወተት ሰጠችው፤ አንድም ጠብታ ሳያስቀር ጠጣ። መጥፎ ሰው አልነበረም። የክፉ ሰው ነገርማ ይቀላል፤ ገና ከሩቅ ታየዋለህ።

ማርተን አገሩ ገብቶ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ ቦታውን በካርታ ላይ ምልክት አድርጎ አወጣው። ለሱ ደግነት ነበር፤ ሌላውም አይቶ ይደሰት ብሎ። ከዚያ መኪናው መጣ። ከሪያድ መጣ፣ ከጅዳ መጣ፣ ስሙን ከማናውቀው አገር ሁሉ መጣ። ኩሬዋ ውስጥ እግራቸውን ነከሩ፣ ጠጉራቸውን በሻምፑ ታጠቡ፣ ሶፍትና ፌስታል ጥለው ሄዱ። ከላያቸው ድሮን እንደ ተርብ ይጮሃል። ዋድሓ ይህን ሁሉ በቻለችው ነበር፤ ከመኪናዎቹ ፊት ፊት እየመራ የሚመጣው ማን እንደሆነ ስታይ ግን አልቻለችም። ፍረይጅ ነበር፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ለማንኛውም ታውቋል፤ ሌላው ከሚያመጣቸው እኔ ላምጣቸው" ማለቱንም ሰማች።

በዚያው ሰሞን ሸዕላ የምትባለው ወተት ሰጪ ግመሏ ማመንዠክ አቆመች። ሆዷ ተነፋ፣ አንገቷን መሬት ላይ ዘረጋች፣ ሞተች። ዋድሓ ቢላዋ ስላ ሆዷን ራሷ ቀደደችው። ውስጡ ፌስታል እንደ ገመድ ተገምዶ፣ እንደ ድንጋይ ደድሮ አገኘችው። አውጥታ ቶዮታዋ ላይ ጫነችና ፍረይጅ ድንኳን ድረስ ነዳች። እንግዶቹን ይዞ ሻይ ያጠጣል፤ ነዛልም ከጎኑ ተቀምጧል። የገማውን ጉድ ምንጣፉ ላይ ወረወረችው።

"ፊትህን አምጣ" አለችው።

"ኧረ ዋድሓ! እንግዳ ፊት?"

"ኩሬዬም እንግዳ ፊት ነው ያለችው። ፊትህን አምጣ።"

"ሰውዬው አገሩ ገብቷል፣ እኔ ምን ላድርግ?"

"እኔ የሰውዬውን ፊት አልያዝኩም፤ ያንተን ነው የያዝኩት።"

ፍረይጅ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ፈገግ አለ። "ግመል ናት እኮ። ዘመኑ ተለውጧል፤ ፊት ምናምን የሚባለው ለአያቶቻችን ነበር።"

ያኔ ዋድሓ ሳቀች። ከልቧ የምትስቅ ትመስል ነበር፣ እንግዶቹም አብረዋት ሳቁ። ነዛል ግን የጀመረውን ሻይ አስቀምጦ ወደ መኪናው ሄደ።

የልማዱ ዳኛ ሼኽ ዐዋድ ዘንድ ሄደች። አዳመጧትና "እስቲ ትንሽ ታገሺ፤ ወንድምሽ ማለት ነው" አሏት። ቃሉን አፍርሶ ፊቱን የበላ ሰው ላይ ተበዳዩ ጥቁር ጨርቅ ይሰቅልበታል፤ ያ ጨርቅ እስካለ ድረስ የሰውየው ምስክርነት አይሰማም፣ ዋስትናው አይያዝም። ዋድሓ የምትለው ይህንን ነው።

"ሴት ጥቁር ስትሰቅል አልሰማንም" አሉ ሼኹ።

"ወንድ ፊቱን ሲበላስ ሰምተዋል?"

ሼኽ ዐዋድ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ቀጠሉ። እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወጣች።

አርብ ዕለት፣ መንገዶቹ ሁሉ የሚገናኙበት የጋራ ጉድጓድ ዘንድ፣ ሰው ግመሉን ሊያጠጣ ሲሰበሰብ ዋድሓ መጣች። የራሷን ጥቁር ካባ ቀድዳ ረጅም ብረት ላይ ቋጥራ ነበር። ከቀዩ ዓለት ሥር ተከለችው፤ ከዚያ በሙሉ ድምጿ ጮኸች። "ጥቁር በፍረይጅ ፊት! ስለ ሁለይል ውሃ ፊቱን ሰጠኝ፣ ፊቱን በላው! ያየ ላላየ ይንገር!" ከወንዶቹ አንድ ሽማግሌ ብቻ "ሰማን" አለ፤ እዚያ አገር ይህ ይበቃል።

ሹፌሮች ከፍረይጅ ጋር እንግዳ መጋራት ተዉ። ግብዣ ላይ ሥጋ ይሰጡታል፣ ሐሳቡን ግን የሚጠይቀው የለም። ሰላምታው እንኳ በግማሹ ነበር የሚመለስለት። የዋድሓ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ነፍሰ ጡር የነበረችው ሙዝና እያለቀሰች መጣች። "እማ፣ እኔ የማን ቤት ነኝ? እስቲ ንገሪኝ፣ የማን?"

"አንቺን አልነካሁም።"

"ሆዴ ውስጥ ያለው የፍረይጅ የልጅ ልጅ ነው!"

"የሁለይልም የልጅ ልጅ ነው። ፍረይጅ በሰው ፊት ቆሞ 'በድያለሁ' ይበል፣ ኩሬዋን ይመልስ፤ ጨርቁን ዛሬውኑ አወርዳለሁ።"

ፍረይጅ ግን አላለም። "የሒስማ ፀሐይ የማያነጣው ምን ጥቁር አለ? እኔ እጠብቃለሁ" ብሎ ማውራቱን ሰዎች ነገሯት። እውነቱን ነበር። ጨርቁ ግራጫ ሆነ፣ ነፋስ ጠረዙን በላው፤ እሷም ሁለተኛ ካባ ቀደደች፣ ከዚያ ሦስተኛ ገዛች። እየሰቀለች እያወረደች እርር ድብን ስትል ማርተን ተመልሶ መጣ።

ያመጣው ነዛል ነበር። ማርተን ከመኪናው ሳይወርድ ቀይ ዓለት ሥር የሚውለበለበውን ጥቁርና አጠገቡ የቆመችውን ባለ ዓይነ እርግብ ሴት አየና አፉን ከፈተ። እሷንም አላወቃት፣ ነገሩንም አላወቀ። ዋድሓ መጀመሪያ ያሰበችው በቶዮታዋ በላዩ ላይ ልትሄድበት ነበር። ግን እንግዳ ነው፤ ደግሞም ፊቱን አልሰጣትም። ፊቱን የሰጣት ሌላ ነው።

"ሊያነሳሽ ይፈልጋል" አለ ነዛል ዓይኑን ሰብሮ። "እምቢ በይው፣ ልውሰደው።"

ዋድሓ ማንም ፎቶ አንስቷት አያውቅም፤ የገዛ ልጇ እንኳ። "ጠይቀው" አለች። "ፎቶውን ፀሐይ ያነጣዋል?"

ነዛል ጠየቀ። "አይነጣም ይላል።"

"ነፋስስ ይቀደዋል?"

"አይቀደውም።"

"ስንት ሰው ያየዋል?"

"ዓለም በሙሉ ይላል።"

ዋድሓ ሳቀች። ዓይነ እርግቧ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ ነዛልም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "በለው፤ እሺ፣ ያንሳ። ከሥሩ ግን 'ጥቁር በፍረይጅ ፊት' ብሎ ይጻፍ፤ ፍረይጅ የሁለይል ወንድም፣ የሒስማው።"

"ይሄን አልተረጉምም።"

"ተርጉም። አለዚያ ያንተም ስም ይጨመራል።"

ተረጎመ። ማርተን ስለ ውሃ የተሰጠ ቃል ፈርሶ እንደሆነ ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እንዴት ያለ የሚያምር ባህል ነው" አለ፤ በዚያ ውሃ ነገር የራሱ እጅ እንዳለበት የነገረው ግን የለም። ዋድሓ ከጨርቁ ሥር ወንድ እንደሚቀመጥ ተቀመጠች። ቢሆንም እንዲሁ ልትሰደው አልፈለገችም፤ ግመሎች የሚንበረከኩበትን፣ መዥገር የሚርመሰመስበትን አሸዋ በጣቷ አሳየችው። "እዚያ ተኝተህ አንሳ፣ ከዚያ ነው የሚያምረው።" ማርተን አመስግኖ በሆዱ ተኛ።

ፎቶው ወጣ። ስሙም ከሥሩ በየቋንቋው ወጣ። ፍረይጅ የቀሩትን ጥቂት እንግዶች ሲያንሸራሽር አንዲት ሴትዮ ስልኳን አውጥታ አሳየችው። "ይህን አይተን ነው የመጣነው። ይሄ ፍረይጅ የሚባለው ሰው አሁንም በሕይወት አለ?" አለችው። ፍረይጅ መኪናውን አሸዋው መሃል አቁሞ ወረደና ጀርባውን ሰጥቷቸው ብዙ ቆየ ይላሉ።

ከሳምንት በኋላ ራሱን ሳይሸፍን፣ በእግሩ፣ ከሼኽ ዐዋድና ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኋላ ዋድሓ ድንኳን መጣ። "በድያለሁ" አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ወተት ሰጪ ግመል አምጥቶ አሰረ። ከልጁ ጋር ኩሬዋን በእጁ አጸዳ፣ መኪና የሚገባበትንም መንገድ በቋጥኝ ዘጋ። በልማዱ መሠረት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ነገሩ እዚያ ገብቶ ይቀበራል፣ ከዚያ በኋላ ያነሳው ሰው ወንጀለኛ ነው። አፈሩ ሊመለስ ሲል ሼኽ ዐዋድ ወደሷ ዞሩ።

"ጨርቁ ወርዷል። ፎቶውስ?"

"ፎቶውንም አስወርዳለሁ።"

"በምን?"

ዋድሓ መዳፏን ዓይነ እርግቧ ላይ አሳረፈች። "በፊቴ ነው" አለች። አፈሩ ተመለሰ፣ ነጭ ጨርቅ ተሰቀለ፣ ሰው ተሳሳመ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ነዛል በማግስቱ መጥቶ "ለሰውዬው ልጻፍለት?" ሲላት "ቆይ፣ ነገ" አለችው። ነገም ሲመጣ ነገ አለችው። አስባ ያደረገችው ነው፤ መርሳትስ አልረሳችም። ማታ ጋደም ስትል ያ ፎቶ በየአገሩ ሲዞር፣ የማታውቃቸው ሰዎች የፍረይጅን ስም ሲያነቡት ይታያታል። ትንሽ ይዙር፣ ትንሽ ይቅመስ ትላለች። ትንሽ ማለት ለዋድሓ ስንት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ሙዝና ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ሁለይል አሉት። ዋድሓ ስትሰማ ብቻዋን አለቀሰች፤ በሕይወቷ ካገኘችው ደስታ ይህን የሚያህል አልነበረም። ልጁን ለክትባት ተቡክ ከተማ ወስዳ የተመለሰችው ሙዝና ግን ከመኪና ሳትወርድ በመስኮት ነው ያናገረቻት። ፊቷ የሞተ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

"ክሊኒክ ውስጥ ስሙን ጠሩት" አለች። "ሁለይል ሽተዊ ፍረይጅ። ሙሉ ስሙ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት 'ፍረይጅ? የፎቶው ፍረይጅ?' አለችኝ። ሌሎቹም ሊያዩት ተነሱ። ልጄን እማ! ስልካቸውን አውጥተው አንዴ ፎቶውን አንዴ ልጄን እያዩ!"

"አስወርደዋለሁ።"

"ያኔም ብለሽ ነበር።"

በዚያኑ ቀን ነዛልን አስጻፈችው። ማርተን በደስታ መለሰ። ፎቶው ሽልማት ማግኘቱን፣ ለብዙ ቦታ መሸጡን፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ሆኖ መሰቀሉን ጻፈላት። እንዲወርድ መፈለጓ አሳዝኖታል፤ ከራሱ ገጽ ያነሳዋል፤ የተቀረው ግን ከእጁ ወጥቷል፣ ሰው እየቀዳ እየቀዳ የት የት እንዳደረሰው እሱም አያውቅም። ነዛል አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አያት።

"ሰውዬው አገሩ ነው፤ እኔ ምን ላድ..." አለችና አፏን በእጇ ያዘችው።

ሕጉን ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከተረፋት ጥቁር ጨርቅ ደህናውን መርጣ አጠፈችና ወደ ፍረይጅ ድንኳን ነዳች። ፍረይጅ የልጅ ልጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ዝንብ ይከላከልለታል። ጨርቁን ፊቱ አስቀመጠችለት።

"ፊቴን ሰጥቼ ነበር፣ በልቼዋለሁ" አለች። "መብትህ ነው። ጉድጓዱ ዘንድ ውሰድና ስቀልብኝ።"

ፍረይጅ ጨርቁን አየው፣ ዳሰሰውም። "አልሰቅልም" አለ።

"ይቅር አልከኝ?"

"ይቅር አላልኩሽም።"

"ታዲያ ስቀል!"

"ዋድሓ" አለ፣ ልጁ እንዳይነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጥቁር ከሰቀልኩብሽ ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌ ከመጣ እሺ ማለቴ አይቀርም። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ነገሩ ይቀበራል፣ አንቺም ትገላገያለሽ። አልሰቅልብሽም። ለማንም አልናገርም፣ አልከስሽም። ቤቴ እንደ ወትሮሽ ነይ፣ ልጁንም ያዢው። ሻይ ላምጣልሽ?"

ዋድሓ ጨርቁን አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትበቀል ኖራ እንዲህ ያለ በቀል አስባ አታውቅም ነበር። ቀናችበት።